ከሰማይ ጫፍ እስከ ባሕር ወለል፤ የፕሮፌሰር ኦጉስት ፒካር ሕይወት

በወሎ ሰፈር አስፋልት ዳር ለሚኖር ሰው ከቦሌ የሚነሣ አውሮፕላን ብርቅ አይደለም። ልጆች እንኳ ድምፁን ሰምተው ቀና አይሉም። ዳሩ ግን በዚያ አውሮፕላን የተሳፈረው መንገደኛ ከአሥር ሺህ ሜትር በላይ ወጥቶ በሳሎኑ እንዳለ ሰው ቡናውን እየጠጣ የሚሄደው በምን ምክንያት እንደ ሆነ ቆም ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ከመስኮቱ ውጭ ያለው አየር እጅግ ስስ ከመሆኑ የተነሣ ሰውን ከአንድና ከሁለት ደቂቃ በኋላ ራሱን ያስተዋል። መንገደኛውን የሚያድነው በዙሪያው የተዘጋው ቀፎና በቀፎው ውስጥ የታመቀው አየር ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1946 ሥራ ሲጀምር የነበሩት ሲ 47 አውሮፕላኖች ይህ አልነበራቸውምና ዝቅ ብለው ይበሩ ነበር።

ሰው በተዘጋ ቀፎ ውስጥ ሆኖ ወደ ስስ አየር ወጥቶ በሕይወት ሊመለስ እንደሚችል መጀመሪያ በገዛ ነፍሳቸው ያረጋገጡት ሰው ፕሮፌሰር ኦጉስት ፒካር ናቸው። ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን እኚሁ ሰው በዚያው አሳብ ተመርተው ወደ ባሕር ጥልቀት መውረዳቸው ነው። ዛሬ ከቲታኒየም ቅይጥ ተሠርተው በውቅያኖስ ወለል ላይ የሚሄዱት የምርምር ታንኳዎች ዘራቸው ሲቈጠር ከእርሳቸው ይደርሳል። ስለዚህ የሕይወታቸውን ታሪክ በአጭሩ ለማቅረብ አስበናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ኦጉስት ፒካር ጥር 28 ቀን 1884 በስዊስ አገር በባዝል ከተማ ተወለዱ። ዣን የተባለ መንታ ወንድም ነበራቸው፤ አባታቸውም በባዝል ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ነበሩ። ሁለቱ ወንድማማቾች መልካቸው አንድ ስለ ነበር ሰው አይለያቸውም ነበር ይባላል። በዙሪክ የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ገብተው ኦጉስት የመካኒክ ምሕንድስና፥ ዣን ደግሞ ኬሚስትሪ ተማሩ። ኦጉስት ከዚህ በኋላ ወደ ፊዚክስ አዘነበሉ፤ በ1922ም በቤልጅግ ዋና ከተማ በብሩክሰል ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ሆኑ። በ1927 በብሩክሰል በተደረገው የሶልቬ ጉባኤ አይንሽታይንና ማዳም ኪዩሪ ከተነሡበት ስመ ጥር ፎቶግራፍ በኋለኛው ረድፍ ዳር ቆመው ይታያሉ። ቁመታቸው እጅግ ረጅም፥ አንገታቸው ቀጭን፥ ጠጕራቸው ወደ ኋላ የተንጨባረረ ስለ ነበር፥ ኤርዤ የተባለው የቤልጅግ ሠዓሊ በቲንቲን የሥዕል መጻሕፍቱ ውስጥ ላለው ፕሮፌሰር መልኩን ከእርሳቸው ወስዷል።

በዚያ ዘመን የፊዚክስ ሊቃውንትን ያስጨነቀ አንድ ጥያቄ ነበር። ቪክቶር ሄስ የተባለ ኦስትሪያዊ በ1912 በፊኛ ከአምስት ሺህ ሜትር በላይ ወጥቶ ከጠፈር ወደ ምድር የሚወርድ ኀይለኛ ጨረር መኖሩን አሳይቶ ነበር። ይህን ኮስሚክ የተባለውን ጨረር አየር ሳያደክመው ለመለካት ከአሥራ አምስት ሺህ ሜትር በላይ መውጣት ያስፈልጋል። በዚያ ቦታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ወደ አንድ አሥረኛ የሚጠጋ ብቻ ነው። አዲስ አበባ እንኳ ያለው የአየር ግፊት የባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ መሆኑንና ከቆላ የመጣ እንግዳ በእንጦጦ ዳገት ሲያለከልክ የምናየውን ብናስብ፥ የነገሩን ክብደት እንረዳለን።

ፒካር ያገኙት መፍትሔ ሰውየው አየሩን ይዞ ይውጣ የሚል ነበር። ከአሉሚኒየም ሁለት ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሉል አሠሩ፤ ውፍረቱ ከአራት ሚሊሜትር አይበልጥም ነበር። ገንዘቡን የሰጠው የቤልጅግ ብሔራዊ የሳይንስ ምርምር ድርጅት ነው። ግንቦት 27 ቀን 1931 ከረዳታቸው ከፓውል ኪፕፈር ጋር ከጀርመን ከተማ ከአውግስቡርግ በሃይድሮጅን በተሞላ ፊኛ ተነሥተው 15,781 ሜትር ደረሱ።

ጕዞው ግን በቀላሉ አላለፈም። ከመነሣታቸው በፊት የተበላሸ አንድ ቀዳዳ ወደ ላይ ሲወጡ አየር ያስወጣ ጀመር። ፒካር ቀዳዳውን በቃጫና በቫዝሊን ደፈኑት። እንዲያ ባይሆን ኖሮ ሁለቱም በሕይወት አይወርዱም ነበር። ቀጥሎም ጋዙን የሚያስወጣው ገመድ ተያዘባቸውና ማታ ፊኛው ቀዝቅዞ በራሱ እስኪወርድ ድረስ በሙቀትና በውኃ ጥም ተሠቃይተው ዋሉ። በምድር ያለው ሕዝብ ሞተዋል ብሎ ሲያወራ እነርሱ በኦስትሪያ ተራሮች ላይ በሚገኝ የበረዶ ሜዳ በሌሊት ዐርፈው ነበር። በሚመጣው ዓመት ነሐሴ 18 ቀን 1932 ከማክስ ኮዚንስ ጋር ሁለተኛ ወጥተው ከ16,000 ሜትር አለፉ። ከዚህ በኋላ ስማቸው በመላው ዓለም ታወቀ።

ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ክብር ረክቶ በተቀመጠ ነበር። የፒካር የልብ ምኞት ግን ከመጀመሪያው ሰማይ አልነበረም። ገና ተማሪ ሳሉ የጀርመን መርከብ ቫልዲቪያ ከጥልቅ ባሕር በመረብ ስላወጣቻቸው እንግዳ ፍጥረታት አንብበው፥ ሰው ራሱ ወርዶ ሊያያቸው የሚችልበትን መንገድ ያወጡ ያወርዱ ነበር። ዊልያም ቢብ የተባለው አሜሪካዊ በ1934 ከመርከብ በገመድ በተንጠለጠለ የብረት ሉል ውስጥ ሆኖ 923 ሜትር ወርዶ ነበር። ነገር ግን ገመዱ ቢበጠስ ተስፋ የለም፤ ገመዱም በረዘመ መጠን የራሱ ክብደት ይበጥሰዋል። ፒካር ገመዱን ጨርሰው አስወገዱት። ፊኛን ከነብልሃቱ ወደ ባሕር ወሰዱት። በሃይድሮጅን ፋንታ ከውኃ የሚቀልለውን ቤንዚን በትልቅ ቋት ሞልተው፥ ከቋቱ ሥር ሰው የሚቀመጥበትን ከባድ የብረት ሉል አንጠለጠሉ፤ ለመውረጃም ብዙ ኩንታል የብረት ፍሬ ጫኑበት። ለመውጣት ሲፈለግ ፍሬው ይፈስሳል። የብረቱን ፍሬ የሚይዘው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማግኔት ስለ ሆነ፥ ኤሌክትሪኩ ቢጠፋ ፍሬው በራሱ ይወድቃል፤ መርከቡም ወደ ላይ ይወጣል። ብልሽት በደረሰ ጊዜ ብልሽቱ ራሱ ሰዎቹን እንዲያድናቸው አድርጎ ማሰብ፥ ይህ የእውነተኛ መሐንዲስ ጠባይ ነው።

አስቸጋሪው ጕዳይ ሉሉ ነበር። ሰው በባሕር ውስጥ አሥር ሜትር በወረደ ቁጥር በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲሜትር ላይ አንድ ኪሎ ገደማ ይጨመርበታል። በጣና ሐይቅ ጥልቅ ስፍራ፥ ይኸውም በ14 ሜትር ገደማ፥ የውኃው ሸክም አንድ ኪሎ ተኩል እንኳ አይሞላም። በአገራችን ሐይቆች ሁሉ ጥልቅ በሆነው በሻላ ወለል ላይ ወደ 26 ኪሎ ይሆናል። በቀይ ባሕር ጥልቅ ስፍራ ከ300 ኪሎ አያንስም። በፓስፊክ ውቅያኖስ በማሪያና ገደል ግን ከ1,100 ኪሎ ይበልጣል፤ ይህም በአውራ ጣት ጥፍር ላይ አንድ አውቶሞቢል እንደ ማቆም ነው።

ሉል የተመረጠበትም ምክንያት ግፊቱን በሁሉም በኩል እኩል ስለሚካፈል ነው። ነገር ግን ሉሉ በእውነት ሉል መሆን አለበት። በአንድ በኩል ጥቂት ጠፍጠፍ ያለ ቦታ ቢኖርበት ወይም በብረቱ ውስጥ የአየር አረፋ ቀርቶ ቢገኝ፥ ግፊቱ ያንን ቦታ ፈልጎ ያገኘዋል፤ ሉሉም ዐይን ተርግቦ እስኪገለጥ በማይሞላ ጊዜ ይጨፈለቃል። መስኮቱም ሌላ መከራ ነበር። መስታወት በትንሽ ጭረት ይሰነጠቃል። ፒካር ብዙ ከፈተኑ በኋላ ፕሌክሲግላስ የተባለውን ጥርት ያለ ፕላስቲክ በሾጣጣ ቅርጽ ቈርጠው፥ ሰፊውን ጎን ወደ ውጭ አድርገው ተከሉት። ግፊቱ በጨመረ መጠን መስኮቱ ይበልጥ በማቀፊያው ውስጥ እየተወተፈ ይጠብቃል። እስከ ዛሬ የሚሠሩ ጥልቅ ባሕር ወራጅ ታንኳዎች ይህን ዓይነት መስኮት ይዘዋል።

ሥራው በ1937 ገደማ ተጀምሮ ሳለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አቋረጠው። ከጦርነቱ በኋላ ተፈጸመና በ1948 መርከቡ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ባሕር ተወሰደ። መጀመሪያ ፒካር ራሳቸው ገብተው 25 ሜትር ብቻ ወረዱ። ከዚያ በኋላ በኬፕ ቨርድ ደሴቶች አጠገብ ሰው ሳይኖርበት 1,380 ሜትር ወርዶ በደኅና ተመለሰ። ሉሉ ምንም አልሆነም። ነገር ግን በውኃው ፊት ላይ ሳለ ማዕበሉ ስስ የሆነውን የቤንዚን ቋት መታውና አጎሳቆለው፤ ቤንዚኑም ወደ ባሕር ተለቀቀ። ገንዘብ አልቆ ነበር፤ ጋዜጦችም ነገሩን እንደ ታላቅ ውድቀት አወሩት። መርከቡ ለፈረንሳይ ባሕር ኀይል ተሰጠ። ስድሳ አራት ዓመት የሞላቸው ፕሮፌሰር በገዛ አሳባቸው ላይ ሌሎች አዛዥ ሲሆኑ ማየት ግድ ሆነባቸው።

ያን ጊዜ የደገፋቸው ልጃቸው ዣክ ነው። ዣክ የተማረው ኢኮኖሚክስ ነበር፤ ነገር ግን ሙያውን ትቶ ከአባቱ ጋር ተሰለፈ። የትርየስቴ ከተማ ሰዎችና የጣልያን ፋብሪካዎች ረዷቸውና አዲስ መርከብ ተሠራ፤ ስሙም ትርየስቴ ተባለ። ፒካር የመጀመሪያው ሉል የተሠራው ቀልጦ ከፈሰሰ ብረት ስለ ነበር፥ አሁን ግን ተቀጥቅጦ የተሠራ ዓረብ ብረት እንዲሆን ፈለጉ። የተቀጠቀጠ ብረት ውስጡ ጥቅጥቅ ያለና ለስውር አረፋ የማይመች ነውና። ሉሉ በቴርኒ ፋብሪካ ተሠራ። መስከረም 30 ቀን 1953 አባትና ልጅ በጣልያን ባሕር በፖንዛ ደሴት አጠገብ 3,150 ሜትር ወረዱ። ይህም ከቀይ ባሕር ጥልቅ ስፍራ የሚበልጥ ነው። አባትየው በዚያን ቀን 69 ዓመታቸው ነበር። ይህ መርከብ አይፈርስም ብለው ለሌላው ሰው የመሰከሩት በቃል ብቻ ሳይሆን ከልጃቸው ጋር ገብተው በመቀመጥ ነው። በ1954 ፈረንሳዮች የቀድሞውን ሉል በአዲስ ቋት ሥር አድርገው 4,050 ሜትር ሲወርዱ፥ የተናቀው አሳብ ትክክል መሆኑ ከሁለት ወገን ተረጋገጠ።

በ1958 የአሜሪካ ባሕር ኀይል ትርየስቴን ገዛ። ለማሪያና ገደል የሚበቃ አዲስ ሉል በጀርመን በክሩፕ ፋብሪካ ታዘዘ፤ ውፍረቱም 12.7 ሳንቲሜትር ነበር። ይህ ሉል አንድ መካከለኛ ቀለበትና ሁለት ቆቦች ሆኖ በሦስት ክፍል ተሠርቶ በጠንካራ ሙጫ ተጣበቀ። በኅዳር ወር 1959 በጓም ደሴት አጠገብ ከ5,500 ሜትር በላይ ወርዶ ሲመለስ ኀይለኛ የመሰንጠቅ ድምፅ ተሰማ። ሲመረመር ብረቱ ደኅና ነው፤ ሙጫው ግን ለቅቆ ክፍሎቹ ጥቂት ተንሸራተዋል። ሠራተኞቹ ክፍሎቹን ወደ ቦታቸው መልሰው በብረት መታጠቂያ አሰሩት። በውኃው ውስጥ ግፊቱ ራሱ ክፍሎቹን እርስ በርስ ስለሚያጣብቅ፥ መታጠቂያው የሚያስፈልገው ከውኃው ፊት አጠገብ ባለው ስፍራ ነበር።

ጥር 23 ቀን 1960 ዣክ ፒካርና ሌተናንት ዶን ዋልሽ በዚያው ሉል ወደ ማሪያና ገደል ወረዱ። ከ9,000 ሜትር በታች ሳሉ ሉሉን ያናወጠ ድምፅ ሰሙ። ኋላ እንደ ታወቀው የተሰነጠቀው የመግቢያው መተላለፊያ መስኮት ነበር። ሉሉ ግን ደኅና ስለ ነበር ጕዞውን ቀጠሉ፤ ወደ አምስት ሰዓት በሚጠጋ ጊዜ ውስጥም 10,916 ሜትር ተብሎ በተመዘገበው ወለል ላይ ዐርፈው ሃያ ደቂቃ ያህል ቈዩ። ከዚያ የሚጠልቅ ስፍራ በምድር ላይ የለም። ሽማግሌው ፒካር በሰባ አምስት ዓመታቸው ይህን ለመስማት በቁ። ከሁለት ዓመት በኋላ መጋቢት 24 ቀን 1962 በሎዛን ከተማ ዐረፉ።

ፒካር ለሌሎች ያስረከቡት አንድ ያልተፈታ ችግር ነበር። የዓረብ ብረቱ ሉል እጅግ ከባድ ስለ ሆነ፥ እርሱን የሚያንሳፍፍ ከመቶ ሺህ ሊትር በላይ ቤንዚን ያስፈልገው ነበር። መርከቡም በባሕር ወለል ላይ እንደ ልቡ መሄድ አይችልም። ጠንካራም ቀላልም የሆነ ሉል ቢገኝ ግን ቤንዚኑ አያስፈልግም። እዚህ ላይ ነው ቲታኒየም የሚገባው። የዓረብ ብረት ክብደት ከውኃ ወደ 7.8 እጥፍ ሲሆን የቲታኒየም 4.5 እጥፍ ነው፤ ከአሉሚኒየምና ከቫናዲየም ጋር ሲቀየጥ የብዙ ዓረብ ብረቶችን ያህል ይበረታል፤ በባሕር ውኃም አይዝግም።

ነገር ግን ጥሩ ስም ያለው ብረት ሁሉ ሳይፈተን አይታመንም። በ1960ዎቹ ዓመታት አንዳንድ የቲታኒየም ቅይጦች በደረቅ አየር ሲፈተኑ ጠንካራ ሆነው፥ ትንሽ ስንጥቅ ተደርጎባቸው በጨው ውኃ ውስጥ ሸክም ሲጫናቸው ሳይታሰብ የሚሰነጠቁ ሆነው ተገኙ። ስለዚህ የቅይጡ ፈተና ብዙ ደረጃ አለው። አስቀድሞ ናሙናው ከሁለት ጫፉ ተይዞ እስኪበጠስ ይጎተታል። ሁለተኛ ሆን ተብሎ የተሰነጠቀ ናሙና በጨው ውኃ ውስጥ ለብዙ ጊዜ ሸክም ይዞ ይቈያል። ሦስተኛ ሸክሙ ብዙ ሺህ ጊዜ እየተጫነና እየተነሣ የብረቱ ድካም ይመረመራል። ብየዳው ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የጋለ ቲታኒየም ከአየሩ ኦክስጅን ስለሚጠጣና እንደ ሸክላ ተሰባሪ ስለሚሆን፥ በመንገድ ዳር እንደምናየው በግልጥ አየር አይበየድም፤ በአርጎን ጋዝ ተከልሎ ወይም አየር በሌለው ክፍል ውስጥ ይበየዳል። ከዚያ በራጅና ጆሮ በማይሰማው የድምፅ ሞገድ ውስጡ ይታያል። በመጨረሻም ሉሉ በሙሉ በታላቅ የግፊት ጋን ውስጥ ገብቶ፥ መለኪያዎች ተለጥፈውበት፥ ሊወርድ ከታሰበው ጥልቀት በሚበልጥ ግፊት ይጨመቃል። ሰው የሚገባበት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

በዚህ መንገድ አልቪን የተባለችው የአሜሪካ ታንኳ በ1973 የዓረብ ብረት ሉሏን በቲታኒየም ለወጠች። የመውረድ ፈቃዷም ከ1,800 ሜትር ገደማ ወደ 3,600 ሜትር ገደማ በእጥፍ አደገ። በ1977 በጋላፓጎስ አጠገብ በባሕር ወለል ላይ የሚፈልቁትን ፍል ውኃዎችና ያለ ፀሐይ ብርሃን የሚኖሩትን ፍጥረታት ሰዎች ያዩት በእርሷ ነው። የጃፓን ሺንካይ 6500 በ1989 ከ6,500 ሜትር በታች ወረደች። በ2020 የቻይናዋ ፌንዶውጄ ሦስት ሰዎች ይዛ በማሪያና ገደል 10,909 ሜትር ደረሰች። የሁሉም ሉል ቲታኒየም ነው።

ተቃራኒውንም አይተናል። በሰኔ ወር 2023 ታይታን የተባለችው ታንኳ አምስት ሰዎች ይዛ ወደ ታይታኒክ ስብራት ስትወርድ ተጨፈለቀች። ጫፎቿ ቲታኒየም ነበሩ፤ መካከሏ ግን በቱቦ ቅርጽ የተጠቀለለ የካርቦን ጭረት ነበር። የአሜሪካ የባሕር ዳር ጠባቂ በ2025 ባወጣው የምርመራ ውጤት አደጋው ሊቀር ይችል እንደ ነበርና ዲዛይኑም ፈተናውም በቂ እንዳልነበሩ አስታውቋል። አባቶቻችን የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ብለዋል፤ በባሕር ጥልቀት ግን የፈሰሰው አይለቀምም።

ከ1993 ወዲህ የባሕር በር የሌለን እኛ ከዚህ ምን እናገኛለን የሚል ወንድም ወይም እኅት ይኖር ይሆናል። ከሁለት ወገን እናገኛለን። አንደኛ፥ ከ2012 ጀምሮ ከቦሌ የሚነሡት ቦይንግ 787 አውሮፕላኖች የፒካርን የታመቀ አየር ተሸክመው የሚሄዱ ናቸው፤ ከአካላቸውም ክብደት አንድ ሰባተኛው ያህል ቲታኒየም ነው። እነርሱን የሚጠግኑ እጆች የእኛው እጆች ናቸው፤ ነገም ከመካከላችን ይወጣሉ።

ሁለተኛው ይበልጣል። በወሎ ሰፈርና በአካባቢው ሕንፃ በሕንፃ ላይ ሲነሣ እናያለን። ለእያንዳንዱ ወለል ከሚሞላው ኮንክሪት ጥቂት ኪዩቦች ተወስደው፥ 28 ቀን ቈይተው በቤተ ሙከራ እስኪሰበሩ ይጨመቃሉ። ያ ኪዩብ በቤተ ሙከራ የሚሰበረው ሕንፃው በሰው ላይ እንዳይሰበር ነው። ነገር ግን ውጤቱን በመዝገብ የሚጽፍ ሰው አለ፤ ያ ሰው ከጥቂት ዓመት በፊት ተማሪ ነበር። ተማሪ ሳለ የቤተ ሙከራ ደብተሩን የሞላው ዐይኑ ባየው ቁጥር ነውን? ወይስ መምህሩ ይወደዋል ብሎ በገመተው፥ ወይም ከጓደኛው በቀዳው ቁጥር? ዛሬ አምስት ነጥብ ለማግኘት አንድ ቁጥር ማስተካከል የለመደ እጅ፥ ነገ ደካማ ኪዩብን ጠንካራ ነው ብሎ ሲፈርም አይንቀጠቀጥም።

ፕሮፌሰር ፒካር ሁለት ጊዜ ተሳለቁባቸው፤ አንድ ጊዜም ሥራቸው ከእጃቸው ተወሰደ። ቢሆንም ያልተፈተነውን ተፈትኗል አላሉም። መጀመሪያ 25 ሜትር፥ ቀጥሎ ባዶ መርከብ፥ በመጨረሻም ራሳቸው ከልጃቸው ጋር፤ ሥርዓታቸው ይህ ነበር። እኛም የምንፈርምበትን ነገር ሁሉ የገዛ ልጃችን የሚቀመጥበት ሉል አድርገን ብንመለከተው፥ የተማርንበት ገንዘብ ለሕዝቡ ተከፈለ ለማለት እንደፍራለን።